በሲሼልስ በጋራ ካታማራን፦ ከጀልባው በፊት ካፒቴኑን ጠይቁ

በሲሼልስ ደሴቶች መካከል በካታማራን ለመዞር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የጀልባውን ፎቶ ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁ። ካፒቴኑ ማን ነው? የምትሄዱትስ በየትኛው ወር ነው? እኔና ታላቅ እህቴ ከዚህ ጉዞ ደስ ብሎን የተመለስነው ከሁሉ በላይ በካፒቴኑ ምክንያት ነው። ቅር ያሰኙን ነገሮችም አሉ፤ እነሱንም በየቦታቸው እናገራለሁ።

የጋራ ጉዞው አሠራር ቀላል ነው። ሙሉ ጀልባ መከራየት ለትልቅ ቤተሰብ ወይም ለጓደኛሞች ያዋጣል። ለሁለት ሰው ግን ኪስ ያራግፋል። በጋራው ጉዞ የምትከፍሉት ለምታድሩበት ክፍል ብቻ ነው። የቀሩትን ክፍሎች የማታውቋቸው ሰዎች ይይዟቸዋል። ካፒቴን አለ፤ ምግብ የምትሠራ ልጅ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ሁላችሁም በአንድ ጠረጴዛ ትበላላችሁ። ከእኛ ጋር ጡረታ የወጡ ፈረንሳዊ ባልና ሚስት፣ ገና የተጋቡ ጀርመኖችና ብቻዋን የመጣች ደቡብ አፍሪካዊት መምህርት ነበሩ።

ካታማራን አይታችሁ የማታውቁ፣ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ቆመው በላያቸው ሰፊ ወለል እንደተዘረጋ አድርጋችሁ አስቡት። መኝታ ክፍሎቹ በሁለቱ ጀልባዎች ሆድ ውስጥ ናቸው። ሳሎኑና ማብሰያው መሐል ላይ፣ ከውሃው ከፍ ብለው ይገኛሉ። ከፊት በኩል፣ በሁለቱ አፍንጫዎች መካከል ጠንካራ መረብ ተወጥሯል። ሰው መረቡ ላይ ተኝቶ ከሥሩ የሚያልፈውን ባሕር ያያል። እህቴ ዋና አትችልም፤ ውሃም ትፈራለች። መረቡን ገና ስታየው «እዚያ ላይ አልወጣም፤ አትለምኚኝ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ከመረቡ ላይ የሚያስነሳት ጠፋ።

ለሲሼልስ ከአብዛኛው አገር ብትመጡ ቪዛ አያስፈልግም። ግን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግዴታ ነው። ይህን አየር ማረፊያ ደርሶ የሚያስታውስ ሰው ይቸገራል። ሻንጣ ደግሞ ጠንካራውን ተዉት። ጀልባ ላይ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ተጣጥፎ አልጋ ሥር የሚገባ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። ጫማ ገና ስትገቡ ወልቆ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ኑሮ በባዶ እግር ነው።

የተነሳነው ከማሄ ነው። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ያለችበት ትልቁ ደሴት ማለት ነው። ካፒቴናችን ስልሳን የተሻገሩ የደሴቱ ተወላጅ ናቸው። ዝም ይላሉ፤ ሲናገሩ ግን ሰው ያዳምጣል። ከመነሳታችን በፊት ሁላችንንም ሰበሰቡን። ላይፍ ጃኬት የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ሌላው ዓይኑን ሳይነቅል በእጁ እየጠቆመ መቆየት እንዳለበት አሳዩን። ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረቀት እንደማይጣል ነገሩን፤ ቱቦው ጠባብ ነው፣ ከተዘጋ የሁሉም ችግር ነው። ሻወር ሲወሰድ ውሃው በሳሙና መሐል ይዘጋ አሉ። ንጹሕ ውሃ በታንከር ተለክቶ ነው የሚጫነው። ከዚያ ወደ እህቴ ዞር ብለው «ማዳም፣ እርስዎ ዋና አይችሉም አይደል? ጃኬቱን ይልበሱ፤ እኔ ሳልነግርዎ አያውልቁት» አሏት። ማንም አልነገራቸውም ነበር። ጀልባው ላይ ስትወጣ እንዴት እንደረገጠች አይተው ነው ያወቁት።

ከማሄ እስከ ፕራላን ደሴት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወቅቱ ነሐሴ ነበር። በሲሼልስ ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነግሣል። አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ባሕሩ ግን ይነሳል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ሙቀትና ዝናብ አለው። በሁለቱ መካከል፣ በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ፣ ባሕሩ ጸጥ ይላል። ውሃው የሚጠራውም ያኔ ነው። እንግዲህ ይህን ማወቅ ከየትኛውም የሆቴል ኮከብ ይበልጣል። መዋኘትና ዓሣ ማየት የሚፈልግ በጸጥታው ወራት ይሂድ። በሸራ መሄድ የሚፈልግ እንደኛ በነፋሱ ወራት ይሂድ።

ፕራላን ከማሄ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከቀኝ ጎናችን መጣ። ለሸራ ጀልባ ከጎን የሚመጣ ነፋስ ምቹ ነው። ካፒቴኑ ጀርመኑን ጠርተው ዊንቹን፣ የሸራውን ገመድ የሚጠቀልለውን መዘውር፣ አስያዙት። ትልቁ ሸራ ቀስ እያለ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ መጀመሪያ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ሞላና ዝም አለ። ሞተሩን ያጠፉት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ድምፅ ቀረ። ጀልባው ግን ከበፊቱ ይበልጥ ይሮጣል። ከፊታችን በራሪ ዓሦች ከሞገድ እየወጡ ክንፋቸውን ዘርግተው ረጅም ርቀት ሲንሳፈፉ አየን።

ካታማራን እንደ ሌላው የሸራ ጀልባ ወደ ጎን አይጋደልም። ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣችሁት ሲኒ እዚያው ይቆማል። ግን ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። በሁለቱ ጀልባዎች መካከል የገባ ሞገድ ወለሉን ከሥር ይመታዋል። ድምፁ በር በቡጢ እንደሚደበድብ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲመታ ሁላችንም ብድግ አልን። ካፒቴኑ ቀና ብለው «ይለመዳል» አሉና ወደ ሸራቸው ተመለሱ። እውነትም ተለመደ። ሙሽራው ግን ሆዱ ተገለበጠበት። ክፍሉ ገብቶ ሊተኛ ሲል ካፒቴኑ አስቆሙት። ታች መውረድ ያባብሳል። ውጭ አስቀምጠው አድማሱን ብቻ እንዲያይ አደረጉት፤ ደረቅ ብስኩትም ሰጡት። ቀስ በቀስ ተሻለው። የማጥወልወል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ውሰዱት። ከጀመራችሁ በኋላ ብዙም አይረዳም።

ብሮሹሩ ላይ ሸራው ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ከማሄ ስንሄድና ወደ ማሄ ስንመለስ በሸራ ሄድን። በፕራላን፣ በኩሪዩዝና በላ ዲግ ደሴቶች መካከል ግን አብዛኛው መንገድ በሞተር ነው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ሸራ ማውጣቱ አያዋጣም፤ ከፕራላን እስከ ላ ዲግ ፌሪ በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ይህ ካፒቴኑ ያመጡት ነገር አይደለም። ድርጅቱ ግን በግልጽ ሊጽፈው ይገባ ነበር። ሰው ለሸራ ብሎ ነው የሚከፍለው።

ካፒቴኑ መልህቅ ሲጥሉ ሁሌ አጠገባቸው እቆም ነበር። አንስ ላዚዮ የሚባለው የፕራላን የባሕር ዳርቻ ስንደርስ ጀልባውን አዘግይተው ቆመው ውሃውን አዩ። ነጣ ያለው ሰማያዊ አሸዋ ነው። ጠቆር ያለው ኮራል ወይም የባሕር ሣር ነው። ነጩ መሐል እስኪገቡ ድረስ እጃቸውን ወደ መልህቁ አላነሱም። ሰንሰለቱን ለቀቁት፤ ከውሃው ጥልቀት ብዙ እጥፍ አድርገው። ከዚያ ወደ ኋላ በሞተር ሳቡት፤ መልህቁ አሸዋው ውስጥ ነክሶ ሲይዝ ጀልባው ቀጥ አለ። ይህም አልበቃቸውም። መነጽር አድርገው ውሃ ውስጥ ገቡና ሰንሰለቱን ተከትለው ሄደው መልህቁን በዓይናቸው አዩት። ሲወጡ ባሕሩ ዳር ላይ አንድ ዛፍና አንድ ትልቅ ድንጋይ መርጠው በመስመር አስተያዩ። ሌሊት ነቅተው የሚያዩት እነሱን ነው፤ ዛፉና ድንጋዩ ቦታ ከቀያየሩ ጀልባው ተንሸራቷል ማለት ነው። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ዴክ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮራል ላይ የሚወድቅ መልህቅ በአንዴ የሚሰብረው ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀውን ነው። ይህን ሰውዬ አምነን እንቅልፋችንን ተኛን።

አሁን ስለ ፕሮግራሙ። ብሮሹሩ በየቀኑ የት እንደምናድር በቀን በቀን ዘርዝሮ ነበር። በዝርዝሩ መሠረት ከላ ዲግ በስተ ሰሜን ወዳለችው ትንሿ ኮኮ ደሴት ሄደን መዋኘት ነበረብን። ጠዋት ካፒቴኑ ነፋሱን አይተው «ዛሬ እዚያ አንሄድም» አሉ። ቦታው ለሞገድ የተጋለጠ ነው። ፈረንሳዊው ሰውዬ ከፋቸው፤ ብሮሹሩን አውጥተው አሳዩ። ካፒቴኑ አልተቆጡም። «ወረቀቱን የጻፈው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔ እርስዎን ይዤ እዚያ ብሄድ ውሃ ውስጥ ገብተው ምንም አያዩም፤ ሲወጡም መሰላሉ ይመታዎታል» አሏቸው። ከዚያ ወደ አንስ ላዚዮ ተመለስን። አንስ ላዚዮ የፕራላን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከዚያ ነፋስ የተከለለ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ራሳቸው በዚያ ጸጥ ባለ ውሃ ሲዋኙ ዋሉ፤ ማታ ለካፒቴኑ ወይን ቀዱላቸው።

እኔ እዚህ ላይ በድርጅቱ ቅር ብሎኛል። በቀን የተቆረጠ ፕሮግራም መሸጥ ለደንበኛው ተስፋ፣ ለካፒቴኑ ደግሞ ጭቅጭቅ ማስቀመጥ ነው። «መንገዱን የሚወስነው ነፋሱ ነው» ብለው አንድ መስመር ቢጽፉ ማን ይቀየም ነበር?

እህቴ ውሃ ውስጥ የገባችው ያን ቀን ነው። እኔ ቀድሜ ገብቼ «እትዬ፣ ነይ እንጂ፤ ውሃው ሞቃት ነው!» እላለሁ። እሷ መሰላሉ ላይ ተቀምጣ «አንቺ ልጅ፣ ተይኝ በቃ፤ ከዚሁ ሆኜ ይታየኛል» ትለኛለች። ካፒቴኑ ክብ ተንሳፋፊውን በገመድ አስረው ወረወሩላትና የገመዱን ጫፍ በእጃቸው ያዙ። «ማዳም፣ ገመዱ እኔ ጋ ነው፤ የትም አይሄዱም።» ጃኬቷን ለብሳ፣ ተንሳፋፊውን በሁለት እጇ ጨምቃ ወረደች። መነጽሯን አደረግኩላት። ፊቷን ውሃ ውስጥ ስትከት አንድ የባሕር ኤሊ ከሥራችን ሣር እየጋጠ ነበር። እህቴ ቀና ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ፊቷን መልሳ ከተተች። ቀኑን ሙሉ ካፒቴኑ ገመዱን ይዘው ቆሙ ማለት ይቻላል። ዋና የማይችል ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ትርጉም ያለው ይህ ነው። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ትዕግሥት ከሌለው፣ ዋና የማይችለው ሰው ሳምንቱን ጥላ ሥር ተቀምጦ ያሳልፋል።

መነጽሮቹን ካነሳሁ አይቀር፣ ድርጅቱ ያቀረባቸው አሮጌ ናቸው። የጎማው ጠርዝ ደርቆ ውሃ ያስገባል። የራሳችሁን ያዙ። ስለ ኮራሉም እውነቱን ልንገራችሁ። ፎቶ ላይ የምታዩትን ቀለም ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ። በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ ወጥቶ በእነዚህ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞተ። ማገገም ሲጀምር በ2016 ደግሞ ሌላ ሙቀት መጣበት። ብዙ ቦታ ግራጫ ፍርስራሽ ታያላችሁ፤ በመሐሉ አዲስ የበቀለ አለ። ዓሣው ግን ሞልቷል። ሳን ፒየር በምትባለው በፕራላንና በኩሪዩዝ አጠገብ ባለች የድንጋይ ደሴት ዙሪያ ስትዋኙ ዓሣ መንጋ ሆኖ ይከባችኋል።

ኩሪዩዝ ላይ ያደርነው ቦያ ላይ ታስረን ነው። አካባቢው የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ መልህቅ ኮራሉን እንዳይሰብር ተንሳፋፊ ማሰሪያ ይጠቀማሉ። የጋራ ጀልባ ትልቁ ጥቅም የገባኝ እዚህ ነው። በቀን ጉብኝት የሚመጡት ጀልባዎች ከፕራላን ተነስተው እስኪደርሱ ረፋድ ይሆናል። እኛ እዚያው ስላደርን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በጎማ ጀልባ ወረድን። ባሕሩ ዳር ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ግዙፎቹ ኤሊዎች ከቁጥቋጦ እየወጡ ነበር። እነዚህ አልዳብራ ከሚባለው የሲሼልስ ደሴት የመጡ ናቸው፤ ትልልቆቹ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። አንዱ ዘንድ ተንበርክኬ አንገቱን በጣቴ አሸሁት። ቀስ ብሎ በአራቱም እግሩ ተነሳና አንገቱን ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘረጋ። ቆዳው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ግን ለስላሳ። ሲተነፍስ የአፍንጫው ድምፅ ይሰማል። እጄን ሳነሳ አንገቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ፤ እንደገና አሸሁለት።

ከዚያ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በእንጨት መንገድ አልፈን ወደ ደሴቱ ሌላ ወገን ሄድን። እዚያ ከ1833 እስከ 1965 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነበር። የሐኪሙ የእንጨት ቤት አሁንም ቆሟል። እህቴ በረንዳው ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን አየች። እዚያ የታሰሩት ሰዎች ያዩ የነበረው ይህንኑ ውብ ባሕር ነው። ስንመለስ የመጀመሪያዎቹ የቀን ጀልባዎች ሲደርሱ አገኘናቸው። በአፍታ ባሕሩ ዳር በሰው ተሞላ።

ኩዛን የሚባለው ደሴት ደግሞ የተለየ ነው። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። በእናንተ ጀልባ መውረድ አይፈቀድም። የደሴቱ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ይወስዷችኋል። ምክንያቱ አይጥ ነው። ከሌላ ጀልባ አንዲት አይጥ ሾልካ ብትገባ የወፎቹን እንቁላል ትጨርሳለች። ጠባቂው ሞተሩን ሙሉ አድርጎ ወደ ዳር ይነዳል፤ ጀልባው ሞገዱን ይዞ አሸዋው ላይ ይወጣል። እህቴ ክንዴን ጨብጣ «እመብርሃን!» አለች።

ኩዛን ድሮ የኮኮናት እርሻ ነበር። በ1968 ለወፎች ጥበቃ ተብሎ ተገዛ። ያኔ የሲሼልስ ዋርብለር የምትባለው ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ የቀረችው እዚህች ደሴት ላይ ብቻ ነበር፤ ቁጥሯም ከ30 በታች። ኮኮናቱን ቀንሰው የደሴቱ የጥንት ደን እንዲመለስ አደረጉ። ወፏ ተራባች፤ በ1988 ወደ አሪድ ደሴትም ተወሰደች። አሁን መንገዱ ላይ ቆማችሁ ከራስጌያችሁ ስትዘምር ትሰማላችሁ።

ጠባቂው በእጁ ዝቅ በሉ አለንና አንድ ቅርንጫፍ አሳየን። የክንድ ውፍረት ያለው ራቁት ቅርንጫፍ ነው። ጎጆ የለም፣ ሣር የለም። ቅርንጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ እንቁላል ተቀምጧል። ነጭ ተርን የምትባለው የባሕር ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ የተፈለፈለ ጫጩት ነበር። ግራጫ ላባ፣ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ጠንካራ ጥፍር። ነፋሱ ቅርንጫፉን ሲወዘውዘው በጥፍሩ ጨምድዶ ይይዛል። እናቱ ክንድ ርቀት ላይ ሆና በትልልቅ ጥቁር ዓይኖቿ አየችን፤ አልበረረችም። ሰው ክፉ አድርጎባት አያውቅምና ለምን ትበር? ስሜቴ ተነክቶ ቃል አጣሁ። ኩዛን በፕሮግራማችሁ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ሞገዱ ሲበረታ ማረፍ ስለማይቻል ሊሰረዝም ይችላል።

ፕራላን ላይ ቫሌ ደ ሜ ገባን። በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የዘንባባ ደን ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ የሚበቅለው በተፈጥሮ በፕራላንና በኩሪዩዝ ብቻ ነው፤ ፍሬው በዕፅዋት ዓለም ትልቁን ዘር ይይዛል። ወንዱና ሴቷ ዛፍ የተለያዩ ናቸው። አንድ ፍሬ ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ቅጠሎቹ ከላይ ገጥመው ከሥር አረንጓዴ ጨለማ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳሉ። ፍሬውን የሚገዛ ሰው ሕጋዊ ፈቃድና ወረቀት ካልያዘ ከአገር ይዞ አይወጣም። ዛጎልና ኮራል መልቀምም ክልክል ነው።

ላ ዲግ ብዙ ተጽፎለታልና አላበዛም። ብስክሌት ተከራይታችሁ ትዞራላችሁ፤ ኪራዩን በሲሼልስ ሩፒ ከፈልን። አንስ ሱርስ ዳርዣን በፎቶ እንዳያችሁት ነው፤ ድንጋዮቹ 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ግራናይት ናቸው። በጠዋት ሂዱ። ግራንድ አንስ ላይ በነፋሱ ወራት አትዋኙ፤ ውሃው ይጎትታል።

ምግቡ ግሩም ነው። የምታበስለው ልጅ ማብሰያዋ የአንድ ሰው መቆሚያ ብቻ ያለው ነው፤ ከዚያች ጠባብ ቦታ የምታወጣው ያስገርማል። ካፒቴኑ ከፓርክ ውጭ ስንጓዝ ከኋላ የማጥመጃ ገመድ ይለቃሉ። አንድ ቀን ቦኒቶ የሚባል ዓሣ ተያዘ። ልጅቷ ግማሹን በሎሚና በቃሪያ ጥሬውን ከትፋ አቀረበችው፤ ግማሹን ከኋላ በኩል ባለው ከሰል ላይ ጠበሰችው። ከሁሉ የማልረሳው በኮኮናት ወተት የተሠራውን የኦክቶፐስ ካሪ ነው። ኦክቶፐሱ ጥርስ አያስቸግርም፤ መረቁ ወፍራምና ቅመም የገባው። አጠገቡ ገና ያልበሰለ ፓፓያ ተፍቆ በሎሚ የተሠራ ቻትኒ አለ። ዳቦ ፍሬ የሚባለውን ቀጭን ቀጭን ቆርጣ ጠብሳ ስታመጣ ጀርመኖቹ ከእጇ ይቀሙ ነበር። ሥጋ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው አስቀድሞ ይንገር፤ ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ ሱቅ የለም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ከአልጋው ስትወርዱ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው መቆም የሚችለው። ኤሲው የሚሠራው ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ ነው፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ነፋስ ስለነበረ የጣሪያውን መስኮት ከፍተን ተኛን። ዝናብ ሲመጣ ግን መስኮቱ ይዘጋል፤ ክፍሉ ይታፈናል። ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤት ሳል ይሰማል። ማታ ማታ ግን ክፍሉን ማን ያስበዋል? ሁሉም መረቡ ላይ ወጥቶ ይጋደማል። መምህርቷ የደቡቡን ሰማይ ከዋክብት ታሳየን ነበር። ከማያውቁት ሰው ጋር ሳምንት መኖር አስቦ የሚሰጋ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በእኛ ጀልባ ማንም ማንንም አላስቸገረም። ዕድልም አለበት።

ዋናው ቅሬታዬ ገንዘቡ ላይ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ስንከፍል «ሁሉም ያካተተ» ተብለን ነበር። የፓርክ መግቢያዎቹ አልተካተቱም። መጠጥ አልተካተተም፤ ይህስ ይሁን። የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ ግን የተነገረን ጀልባው ላይ ከወጣን በኋላ ነው። ሒሳቡን ልጅቷ እያፈረች ነው ያመጣችልን። የቢሮውን ጉድለት እሷ እንድትሸከም ማድረግ ልክ አይደለም። ደብዳቤ ጽፈናል፤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ገንዘቡን ግን አልመለሱም። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ያልተካተተውን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ። ፓርክ፣ ነዳጅ፣ ፎጣ፣ መነጽር፣ ከአየር ማረፊያ የሚያመጣ መኪና። ለካፒቴኑና ለልጅቷ የሚሰጥ ጉርሻም አስቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ይገባቸዋል።

በመጨረሻው ቀን በሳንት አን የባሕር ፓርክ አጠገብ አለፍን። ካፒቴኑ ሟየን የምትባለውን ትንሽ ደሴት አሳዩን። ብሬንደን ግሪምሾ የሚባል እንግሊዛዊ በ1962 በ8,000 ፓውንድ ገዝቷት ነበር። ከአንድ የደሴቶቹ ሰው ጋር ሆኖ 16,000 ዛፍ ተከለባት፤ ኤሊዎችም አመጣ። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናት። ሰውዬው በ2012 ሞቶ የተቀበረው እዚያው ነው። ነፋሱ ስላልፈቀደ አልወረድንም። ካፒቴኑ ግን ፍጥነት ቀንሰው አንድ ዙር ዞሩልን፤ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም።

ለማን ይሆናል? ሻወር ሥር ረጅም ጊዜ መቆም ለሚወድ፣ ማታ ብቻውን መሆን ለሚፈልግ፣ የያዘው ፕሮግራም ከተነካ ለሚናደድ ሰው አልመክርም። እሱ ፕራላን ላይ ሆቴል ይዞ በቀን ጀልባ ቢሄድ ይሻለዋል። ትንንሽ ልጆች ያላቸውም ሙሉ ጀልባ ቢከራዩ ይቀላቸዋል። ከዚህ ውጭ ላለው ሁሉ እመክራለሁ፤ ዋና ለማይችልም ጭምር። እህቴ ከአሁኑ ለጥቅምት ትጠይቀኛለች፤ ውሃው በሚጠራበት ወር። ለድርጅቱ የጻፍኩት መልእክት አጭር ነው፤ ክፍሉ የትኛውም ይሁን፣ እኚያ ካፒቴን በየትኛው ጀልባና በየትኛው ሳምንት እንደሚወጡ ንገሩን፣ እኛ ቀኑን ከእሳቸው ጋር እናስተካክላለን።